«ሕጉን አውቃለሁ፤ ስጽፍ ግን እሳሳታለሁ»፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ ስለ አካዳሚክ እንግሊዝኛ

በቅርቡ ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ በሁለተኛ ቋንቋነት የተማሩትን እንግሊዝኛ ለከፍተኛ ትምህርት ማዋል ከከበዳቸው አንባቢያን የተላኩ ናቸው። ከእነዚህ አምስቱን መርጠን በዚህ እትም መልሰናል። ጠያቂዎቹ ንባብን፣ ሰዋስውንና ጽሕፈትን ለየብቻ አንሥተዋል፤ እኛ ግን ሦስቱን ነጣጥሎ ማጥናት ራሱ የችግሩ አንድ ምክንያት ነው ብለን ስለምናምን፣ መልሶቻችን በአብዛኛው ተማሪው ለትምህርቱ ሲል ወደሚያነበው ጽሑፍ ይመለሳሉ።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ከጀመርኩ ወዲህ በየሳምንቱ እንዳነብ የምታዘዘው ጥናታዊ ጽሑፍ ብዙ ነው። የማላውቀውን ቃል ሁሉ ከመዝገበ ቃላት እየፈለግሁ ስለማነብ ጥቂት ገጾች ቀኑን ሙሉ ይፈጁብኛል። አንብቤ ስጨርስም ጸሐፊው ምን እንዳሉ በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገር ብባል አልችልም። ምን ባደርግ ይሻለኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የገለጹልን ድካም ከስንፍናም ከችሎታ ማነስም የመጣ አይደለም። በየቃሉ ላይ እየቆመ መዝገበ ቃላት የሚያገላብጥ አንባቢ፣ ማንም ይሁን ማን፣ የዓረፍተ ነገሩን መጀመሪያ ይዞ እስከ መጨረሻው መዝለቅ ያቅተዋል። ገጹ ያልቃል፣ ሐሳቡ ግን አይጨበጥም።

በመጀመሪያ የትኛው ቃል ሊደከምበት እንደሚገባ እንለይ። በኒውዚላንድ ሲያጠኑ የነበሩት የቋንቋ ተመራማሪ አቨሪል ኮክስሄድ 3.5 ሚሊዮን ያህል ቃላት ካሉት የአካዳሚክ ጽሑፎች ስብስብ ተነሥተው 570 የቃል ቤተሰቦችን የያዘ ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ2000 አሳትመዋል። ጽሑፎቹ የተወሰዱት ከሥነ ጥበባት፣ ከንግድ፣ ከሕግና ከሳይንስ መስኮች ነው፤ የቃል ቤተሰብ ማለትም አንድ ቃል ከእርባታዎቹና ከእርሱ ከተመሠረቱት ቃላት ጋር ማለት ነው። ይህ አጭር ዝርዝር ከስብስቡ 10 በመቶ ያህሉን ይሸፍናል፤ ማይክል ዌስት ቀደም ብለው በ1953 ያወጡት፣ 2,000 ያህል የተለመዱ የቃል ቤተሰቦችን የያዘው ዝርዝር ደግሞ 76 በመቶ ያህሉን ይሸፍናል። እንግዲህ ሁለቱን የሚያውቅ አንባቢ በአካዳሚክ ጽሑፍ ውስጥ ከሚያጋጥሙት 100 ቃላት 86 ያህሉን ያውቃቸዋል። የቀሩት በአብዛኛው የየመስኩ ሙያዊ ቃላት፣ የተጸውኦ ስሞችና እምብዛም የማይደጋገሙ ቃላት ናቸው። ሙያዊውን ቃል ብዙ ጊዜ ጸሐፊው ራሱ ያብራራዋል፣ ካልሆነም በትምህርቱ ሂደት ይለመዳል። የማይደጋገመውን ግን አልፈውት ቢሄዱ የሚጎድልብዎ ጥቂት ነው።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው፦ በመጀመሪያው ንባብ መዝገበ ቃላት አይክፈቱ፤ የማያውቁትን ቃል በእርሳስ ብቻ ያመልክቱት። በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የተመለሰውን ቃል በኋላ ይፈልጉት፣ ሲመዘግቡትም ብቻውን አይመዝግቡት። «ኮንሲስት» የሚለው ግስ «ኦፍ»ን፣ «ዲራይቭ» ደግሞ ብዙ ጊዜ «ፍሮም»ን አስከትሎ እንደሚመጣ ከነዓረፍተ ነገሩ ገልብጠው ካልያዙት፣ ትርጉሙን ቢያውቁም ለመጻፍ በተቀመጡ ጊዜ አይታዘዝልዎትም።

ሁለተኛው ችግር የቃል ሳይሆን የአደረጃጀት ነው። ጥናታዊ ጽሑፍ እንደ ልብ ወለድ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በተራ እንዲነበብ አልተጻፈም። በመጀመሪያ አብስትራክቱን (ከጽሑፉ ራስ ላይ ያለውን አጭር ማጠቃለያ)፣ ቀጥሎ የመግቢያውን የመጨረሻ አንቀጽ፣ ከዚያ ማጠቃለያውን፣ በመጨረሻም ሠንጠረዦቹንና ሥዕሎቹን ከነመግለጫቸው ያንብቡ፤ መሐሉን ከዚህ በኋላ ይግቡበት። የመግቢያውን የመጨረሻ አንቀጽ ያነሣነው በምክንያት ነው። የቋንቋ ምሁሩ ጆን ስዌልስ እ.ኤ.አ. በ1990 እንዳሳዩት፣ የጥናታዊ ጽሑፍ መግቢያ በተለመደ መልኩ ሦስት እርምጃዎችን ይሄዳል፦ መጀመሪያ ርዕሰ ጉዳዩ ለምን እንደሚያሳስብና እስካሁን ምን እንደተባለ ያመለክታል፣ ቀጥሎ በቀደሙት ሥራዎች ውስጥ የቀረውን ክፍተት ያሳያል፣ በመጨረሻም ይህ ጥናት ያንን ክፍተት እንዴት እንደሚሞላ ይናገራል። ክፍተቱ የሚጠቆምበት ቦታ ብዙውን ጊዜ «ሃውኤቨር» በሚለው ቃል ስለሚታወቅ፣ ይህን ቃል ባዩ ጊዜ ዘገም ብለው ማንበብ ይገባዎታል። የጸሐፊው ነገር የሚጀምረው በአብዛኛው እዚያ ነው።

ረጃጅሞቹ ዓረፍተ ነገሮች ላይ ደግሞ አማርኛ ተናጋሪን በተለይ የሚያደናቅፍ አንድ ነገር አለ። እኛ «ለማታ ትምህርት የተመዘገቡት ተማሪዎች ቁጥር መቀነስ» ስንል ዋናው ቃል፣ ማለትም «መቀነስ» የሚለው፣ በስተመጨረሻ ይመጣል። እንግሊዝኛው ግን ይገለብጠዋል፦ መጀመሪያ መቀነሱን፣ ከዚያ የቁጥሩን፣ ከዚያ የተማሪዎቹን፣ በመጨረሻ ለማታ ትምህርት መመዝገባቸውን ይናገራል፤ ግሱ ከዚህ ሁሉ በኋላ ሲመጣም ባለቤቱ ቅርቡ ያለው «ትምህርት» ሳይሆን ራቅ ብሎ የቀረው «መቀነስ» ነው። በዚህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር የተደናገረ አንባቢ ዋናውን ግስ ይፈልግ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሶ «ኦፍ»፣ «ኢን» ወይም «ዊች» ከመምጣታቸው በፊት ያለውን የመጀመሪያ ስም ይያዝ። «ዋተር ኳሊቲ ሞኒተሪንግ ሲስተም» እንደሚለው ያለ የተደራረበ የስም ሐረግ ግን «የውኃ ጥራት መቆጣጠሪያ ሥርዓት» ከሚለው የአማርኛ ቅደም ተከተል ጋር ስለሚገጥም እንደመጣ ቢያነቡት አያስቸግርም።

ጥያቄ፦ በሰዋስው ፈተና ጥሩ ውጤት አመጣለሁ፤ ሕጎቹን ለሌሎች ተማሪዎች እስከማስረዳት ደርሻለሁ። ነገር ግን ለአማካሪዬ የማቀርበው ረቂቅ ሁልጊዜ በእርማት ተሞልቶ ይመለሳል። ስጽፍ ሕጉ የት ይሄዳል? እንደገና ከመጀመሪያው መጽሐፍ ልጀምር?

መልስ፦ ከመጀመሪያው መጽሐፍ እንዲጀምሩ አንመክርም፤ የሚያውቁትን ደግመው ማንበብ የማይሠሩበትን ነገር አያሠራዎትም። በፈተና ላይ ትኩረትዎ በሙሉ በአንድ ነጥብ ላይ ያርፋል። በሚጽፉበት ጊዜ ግን አእምሮዎ ሐሳቡን፣ ማስረጃውንና የአንቀጹን አካሄድ አንድ ላይ ስለሚሸከም ሰዋስው በልማድ እጅ ላይ ይወድቃል፣ ልማዱም አብዛኛውን ጊዜ የአማርኛ ልማድ ነው። ስለዚህ ስሕተትዎ እንደ ብዛቱ የተበታተነ አይደለም፤ የተመለሱልዎትን ረቂቆች ጎን ለጎን ቢያስቀምጡ አራት ወይም አምስት ዓይነት ስሕተቶች ሲመላለሱ ያገኛሉ። በአማርኛ ተናጋሪዎች ጽሑፍ ላይ ደጋግመን የምናያቸውን እዚህ እናቀርባለን፣ የእርስዎም ከእነዚሁ ጋር ሊመሳሰሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያው የዓረፍተ ነገር ወሰን ነው። አማርኛ «ናሙናውን መዝነን፣ ውጤቱን መዝግበን፣ ከቀደመው ጋር አነጻጸርነው» እያለ ብዙ ድርጊቶችን አያይዞ በአንድ ማሠሪያ አንቀጽ መዝጋት ይችላል፤ ይህም ለጆሮ የሚጥም የቋንቋው ሀብት ነው። ተማሪው ይህንኑ አካሄድ ወደ እንግሊዝኛ ሲወስደው እያንዳንዱ ድርጊት የራሱ ባለቤትና የራሱ ጊዜ ያለው ሙሉ ግስ ይሆንና በመካከላቸው ኮማ ብቻ ይቀራል። እንግሊዝኛ ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮችን በኮማ ብቻ ማያያዝን በአካዳሚክ ጽሑፍ አይቀበልም፦ ወይ በፉል ስቶፕ ይለያዩ፣ ወይ መስተጻምር ይግባባቸው፣ ወይ ደግሞ አንደኛው ጥገኛ ሐረግ ይሁን። «ሃውኤቨር» እና «ዜርፎር» መስተጻምር ስላልሆኑ ከኮማ በኋላ ቢገቡም ይህን ጉድለት አያቃኑም።

ሁለተኛው ስሕተት ተሳቢን መድገም ነው። «ያነበብኩት መጽሐፍ» በምንልበት ጊዜ በግሱ መጨረሻ ያለው «ት» መጽሐፉን ያመለክታል። ይህ ልማድ ተማሪውን «ዘ ቡክ ዊች አይ ሬድ ኢት» ወደሚል አጻጻፍ ይገፋዋል፤ በእንግሊዝኛ ግን «ዊች» የተሳቢውን ቦታ ስለያዘ «ኢት» ትርፍ ነው። የዚህ ተቃራኒ የሆነው ጉድለትም አለ፦ በአማርኛ ባለቤቱ በግሱ ውስጥ ስላለ፣ ተማሪው «ኢት ኢዝ ኢምፖርታንት» ማለት ሲገባው «ኢት»ን ጥሎ በ«ኢዝ» ይጀምራል።

ሦስተኛው «ምንም እንኳ ... ግን» የሚለው ጥምረት ነው። በአማርኛ ሁለቱ ተያይዘው መምጣታቸው የተለመደ ነው፤ በእንግሊዝኛ «ኦልዞው» ብሎ የጀመረ ዓረፍተ ነገር በመካከሉ «በት» አያስገባም። ከቁጥር በኋላ ስምን በነጠላ መተውም እንዲሁ ከአማርኛ የመጣ ነው፤ እኛ «አምስት መጽሐፍ» ብንል አንሳሳትም፣ እንግሊዝኛው ግን የብዙ ቁጥር ምልክቱን ይጠይቃል።

አርቲክል፣ ማለትም ከስም በፊት የሚገቡት «ኤ» እና «ዘ»፣ ከሁሉም የሚከብደው ነው፣ ብዙ ጊዜ የሚወስደውም እርሱ ነው። የሰዋስው መጻሕፍት ዝርዝር ሕግና ዝርዝር ልዩ ሁኔታ ስለሚደረድሩ ተማሪው ተስፋ ይቆርጣል። እኛ አንዱን ሕግ አጥብቀው እንዲይዙ እንመክራለን፦ ሊቆጠር የሚችል ስም በነጠላ ሲመጣ በእንግሊዝኛ ባዶውን ሊቆም አይችልም። ወይ «ኤ»፣ ወይ «ዘ»፣ ወይ «ዚስ»፣ ወይ የባለቤትነት አመልካች ከፊቱ መኖር አለበት። ከዚህ የሚያፈነግጡት እንደ «ኦን ፉት» (በእግር) እና «ባይ ሃንድ» (በእጅ) ያሉ ጥቂት የረጉ አባባሎች ናቸው። ረቂቅዎን ይዘው በዚህ አንድ ሕግ ብቻ ስሞቹን ሁሉ ቢፈትሹ ከአርቲክል ስሕተትዎ ብዙው ይጠረጋል። በአንጻሩ «ሪሰርች»፣ «ኢንፎርሜሽን»፣ «ኤቪደንስ» እና «ኢኩዊፕመንት» በአካዳሚክ ጽሑፍ የማይቆጠሩ ስሞች ተደርገው ስለሚወሰዱ «ኤ»ንም የብዙ ቁጥር ምልክትንም አይቀበሉም። እነዚህን በቃል መያዝ ይሻላል። በ«ኤ» እና በ«ዘ» መካከል ለመምረጥ ደግሞ «አንባቢዬ የትኛውን እንደምል ያውቃል ወይ?» ብለው ይጠይቁ፤ ያውቃል ካሉ «ዘ» ነው።

አሁን ወደ አማካሪዎ እርማት እንመለስ። የጽሑፍ እርማት ይጠቅማል አይጠቅምም የሚለው በዘርፉ ምሁራን መካከል ብርቱ ክርክር ያስነሣ ጉዳይ ነው። ጆን ትረስኮት እ.ኤ.አ. በ1996 በሁለተኛ ቋንቋ የጽሕፈት ክፍል የሰዋስው እርማት ጥቅም ስለሌለው ሊቀር ይገባል ብለው ጻፉ፣ ዳና ፌሪስም በ1999 ተቃወሟቸው። ከዚያ በኋላ የተሠሩ ጥናቶች በአንድ ውሱን ነጥብ ላይ፣ ለምሳሌ በአርቲክል አጠቃቀም ላይ ብቻ ያነጣጠረ እርማት በተማሪዎች ጽሑፍ ላይ መሻሻል እንደሚያመጣ አሳይተዋል። ለእርስዎ የሚሆነው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፦ እርማቱን ተቀብሎ በኮምፒውተር ላይ ማስተካከልና ረቂቁን መልሶ መላክ ብቻውን ብዙ አያስተምርም። የታረመውን ዓረፍተ ነገር በማስታወሻ ደብተር ላይ ከነስሕተቱ ይጻፉ፣ ከጎኑ የስሕተቱን ዓይነት ይሰይሙ፣ ከሥሩም በመስክዎ ካነበቡት ጽሑፍ ያንኑ ሰዋስው በትክክል የተጠቀመ አንድ ዓረፍተ ነገር ይገልብጡ። ሦስተኛው ሥራ ብዙዎች የሚዘሉት ነው፤ እኛ ግን ከሦስቱም የበለጠ ዋጋ እንሰጠዋለን፣ ምክንያቱም ሕጉን ከሚጽፉበት ጉዳይ ጋር የሚያገናኘው እርሱ ነው። በሚጽፉበት ጊዜ ስለ ሰዋስው አይጨነቁ፤ ረቂቁ ካለቀ በኋላ በአንድ ዙር አንድ የስሕተት ዓይነት ብቻ እየፈለጉ ደጋግመው ይለፉበት።

ጥያቄ፦ አንዱ መምህር ተደራጊ ግስ አትጠቀሙ ይላሉ፣ ሌላው «እኔ» ማለት ክልክል ነው ይላሉ። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ሁለቱም የየመስካቸውን ልማድ እየነገሩዎት ሊሆን ይችላል። የጥናት ዘዴ በሚገለጽበት ክፍል ማን እንደመዘነ ሳይሆን ምን እንደተመዘነ ስለሚያስፈልግ ተደራጊ ግስ ተገቢ ቦታው ነው፤ ክርክር በሚቀርብበት ክፍል ግን የአቋሙን ባለቤት መደበቅ ጽሑፉን ያደበዝዘዋል፣ ብዙ መስኮችም ዛሬ «አይ» እና «ዊ» ማለትን ይቀበላሉ። ጽሑፍዎን ሊያቀርቡበት ከሚፈልጉት መጽሔት ሦስት ጽሑፎችን አንሥተው በየክፍሉ ጸሐፊዎቹ ምን እንዳደረጉ ይመልከቱ፤ አስተማማኙ ዳኛ እርሱ ነው። በዚያው አጋጣሚ የግሶቹን ጊዜ ያስተውሉ፦ የተሠራውና የተገኘው አብዛኛውን ጊዜ በኃላፊ ጊዜ፣ ዛሬም እውነት ተደርጎ የሚወሰደው በአሁን ጊዜ፣ እስካሁን የተከማቸው የምርምር ሥራ ደግሞ በፕረዘንት ፐርፌክት ይጻፋል።

ጥያቄ፦ የሌላን ጸሐፊ ሐሳብ በራሴ አባባል ለመግለጽ ቃላቱን በተመሳሳይ ቃላት እተካለሁ፣ ምንጩንም እጠቅሳለሁ። ሆኖም የመጨረሻው ሥራዬ የጽሑፍ ስርቆት አለበት ተብሎ ተመለሰ። ያልሰረቅሁትን ሰረቅህ መባሌ በጣም አሳዝኖኛል።

መልስ፦ ኀዘንዎ ይገባናል፤ ሊያታልሉ እንዳላሰቡም ከደብዳቤዎ ይታያል። ሆኖም የተነገረዎት ነገር መሠረት አለው። ቃላቱን እየተኩ የዓረፍተ ነገሩን አጽም እንዳለ መተው፣ ምንጩ ቢጠቀስም፣ በብዙ ተቋማት ዘንድ በራስ አባባል እንደተገለጸ አይቆጠርም። አሜሪካዊቷ የጽሕፈት ምሁር ሬቤካ ሙር ሃዋርድ ይህን አሠራር ሲያጠኑ፣ ብዙውን ጊዜ ጽሑፉን ገና ያልተቆጣጠረ ተማሪ የሚያልፍበት የመማር ደረጃ እንጂ የማጭበርበር ምልክት አለመሆኑን ተከራክረዋል። እኛም በዚህ እንስማማለን፤ ግን ከደረጃው መውጣት ያስፈልጋል፣ በዚህም ላይ አማርኛዎ እንቅፋት ሳይሆን መሣሪያ ይሆንልዎታል።

አንቀጹን አንብበው ይዝጉት። ጸሐፊው ምን እንዳሉና በምን ማስረጃ እንዳሉት በአማርኛ፣ ለጓደኛ እንደሚያስረዱ አድርገው፣ በሁለት መስመር ይጻፉ። የመጀመሪያውን ጽሑፍ ሳይከፍቱ ከአማርኛ ማስታወሻዎ ተነሥተው በእንግሊዝኛ ይጻፉት፤ በመጨረሻ ብቻ ከምንጩ ጋር አስተያይተው የሐሳብ መዛባት እንዳለ ይፈትሹ። የእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር አጽም በአማርኛው ውስጥ ሊያልፍ ስለማይችል የሚወጣው አሠካክ የእርስዎ ይሆናል። አማርኛውን ቃል በቃል መመለስ እንዳልመከርን ግን ይታወቅልን፤ ማስታወሻው ሐሳብ መያዣ ስለሆነ በተበጣጠሰ ሐረግ ቢጻፍ እንዲያውም ይመረጣል።

የሰውን ሐሳብ በሚያቀርቡበት ጊዜ የሚመርጡት ግስም የእርስዎን ፍርድ ይናገራል። «ሾው» ካሉ ነገሩን እርስዎም እንደተቀበሉት ይቆጠራል፤ «አርጊው» ካሉ የጸሐፊው አቋም መሆኑን ብቻ ይገልጻሉ፤ «ክሌይም» ካሉ አንባቢው ጥርጣሬ እንዳለዎት ሊረዳ ይችላል። በራስዎ ግኝት ላይም «ፕሩቭ» የሚለውን ከመድፈርዎ በፊት ማስረጃዎ ያን ያህል ይሸከም እንደሆነ ይመዝኑ። በአንድ ከተማ ጥቂት ሰዎችን ጠይቆ የተገኘ ውጤት «ያረጋግጣል» ሳይሆን «ይጠቁማል» ነው የሚባለው፤ «ሰጀስት» እና «ሜይ» የሚገቡት ለዚህ ነው። ይህ ቁጥብነት ፍርሃት አይደለም። ጸሐፊው የማስረጃውን ልክ እንደሚያውቅ ለአንባቢው የሚያሳይበት መንገድ ነው። በሁሉም ዓረፍተ ነገር ላይ «ሜይ» መደርደር ግን ምንም እንዳላሉ ያህል ይሆንብዎታል።

ጥያቄ፦ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሰዋስውን በቅጽበት የሚያርምልኝ ከሆነ ለምን ልድከም?

መልስ፦ ፕሮግራሙ የተረሳውን የብዙ ቁጥር ምልክት ይመልስልዎታል፣ ይህም ጥቅም ነው። ከላይ እንዳየነው ግን «ዘ» ወይም «ኤ» የሚለው ምርጫ አንባቢዎ በሚያውቀው ነገር ላይ፣ «ይጠቁማል» ወይም «ያረጋግጣል» የሚለውም በማስረጃዎ ክብደት ላይ ይመሠረታል፤ ይህን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ፕሮግራሙ ዓረፍተ ነገሩን አሳምሮ ትርጉሙን ቢያዛባው፣ ሰዋስው የማያውቅ ጸሐፊ መዛባቱን የሚያይበት ዓይን የለውም። በፈተና አዳራሽ ውስጥም ይህ ረዳት አይገኝም፤ ለምሳሌ አካዳሚክ አይኤልትስ በተባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና የጽሕፈት ክፍል ተፈታኙ በ60 ደቂቃ ውስጥ ቢያንስ 150 እና ቢያንስ 250 ቃላት ያሏቸውን ሁለት ጽሑፎች ይጽፋል፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው እጥፍ ነጥብ ይይዛል፣ ሰዋስው ደግሞ ውጤቱ ከሚለካባቸው አራት መመዘኛዎች አንዱ ነው።

ፕሮግራሙን ለመጠቀም ከፈለጉ በቅድሚያ የትምህርት ተቋምዎ እስከ ምን ድረስ እንደሚፈቅድ ይጠይቁ። ሲፈቀድልዎ የመጀመሪያውን ረቂቅ ፕሮግራሙን ዘግተው ይጻፉ፣ በራስዎ ዓይን አንድ ዙር ያርሙት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ይክፈቱት። ያቀረበልዎትን ለውጥ ሁሉ ከመቀበልዎ በፊት ለምን እንደቀረበ ለራስዎ ያስረዱ፤ ማስረዳት ያቃተዎትን ለውጥ አይቀበሉት፣ ለሁለተኛው ጠያቂያችን በነገርነው ደብተር ላይ አስፍረው መምህርዎን ይጠይቁበት።